ስለ ተማሪዎች የአካል ጥንካሬ፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ሰው በነፍስና በሥጋ አንድ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያስተምር መምህር ሥራውን በእኩሌታ እንደ ተወው ይቈጠራል። ስለ ነፍስ በየጊዜው ብዙ ስለሚጻፍ፣ ዛሬ ስለ ሥጋ፣ ያውም ስለ ወጣት ተማሪዎች ሥጋ ጥቂት ለመናገር ብንነሣ አንባቢ እንደ እንግዳ ነገር እንደማይመለከተው ተስፋ እናደርጋለን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት መንፈሳዊውን ልምምድ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ለሥጋ ልምምድም ጥቂት ድርሻ አልነፈገውም። እኛም ከዚያ ጥቂት ድርሻ አናልፍም። ነገር ግን ያችን ጥቂት ድርሻ እንኳ የዛሬው ተማሪ በሚገባ አግኝቷታልን? ብለን እንጠይቃለን።

ጥያቄውን የምናነሣው በሩቅ ስላለ አገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ በሚዘልቀው የነቀምት መንገድ በጧት የሄደ ሰው ሁለት ዐይነት ተማሪ ያያል። አንደኛው ደብተሩን በብብቱ ይዞ በአስፋልቱ ዳር የሚራመድ፣ ደወሉ እንዳያመልጠው ሲል ደግሞ የሚሮጥ የገጠር ልጅ ነው። ሁለተኛው በከተማው ውስጥ ከቤቱ ደጃፍ በባጃጅ ተሳፍሮ በትምህርት ቤቱ በር የሚወርድ ነው፤ ቤቱና ትምህርት ቤቱ የሚራራቁት ግን ብዙ ጊዜ የሩብ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ሁለቱም በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ አንድ መምህርም ያስተምራቸዋል። ስለ ሥጋቸው ግን አንድ ዐይነት ምክር ሊሰጣቸው አይቻልም።

ስለ ገጠሩ ልጅ አስቀድመን እንናገር። ከአምቦ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ደጋ በጀልዱ ወረዳ በ1982 ዓ.ም. የተወለደው አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ደ ጃኔሮ በተደረገው የኦሎምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆኖ የብር ሜዳልያ እንዳገኘ የሚታወስ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ታላላቅ ሯጮች አስተዳደግ ተመርምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ከማራቶን ሯጮቻችን የሚበዙት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን፣ በልጅነታቸውም ከሌሎች ወጣቶች ይልቅ ረዘም ያለውን መንገድ እየሮጡ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደ ነበር አመልክቷል። ያንን ልምምድ ማንም አላቀደላቸውም፤ ያስገደዳቸው የትምህርት ቤቱ ርቀት ነው።

ይህን ስንል ርቀትን እያመሰገንን አይደለም። የትምህርት ቤት ርቀት ስንቱን ልጅ፣ ይልቁንም ስንቷን ሴት ልጅ ከትምህርት እንዳስቀረ ካህናት አባቶች በየገጠሩ ያውቁታል። ትምህርት ቤት በየቀበሌው መሠራቱ፣ መንገድ መጠረጉ፣ ባጃጅ በየከተማው መግባቱ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ መልካም ነገር ጋር ሳይታወቅ የወጣ አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ልጅን በየቀኑ ያለ ዋጋ ሲያጠነክረው የነበረው ድካም ነው። ውኃ ከወንዝ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ከብት ማገድ በከተማ ልጅ ቤት የለም ወይም ጥቂት ነው። በፊተኛው ድካም ቦታ ምን ተተካ? ብለን ብንጠይቅ፣ በአብዛኛው የምናገኘው ወንበርና የእጅ ስልክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ከ146 አገሮች የተሰበሰበው የ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ ሲመረመር ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች ከመቶው 81ዱ ይህን መጠን አያገኙም፤ ከሴቶቹ ከመቶ 85ቱ፣ ከወንዶቹ ከመቶ 78ቱ ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል 160 ሚሊዮን የሚያህሉት ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው፤ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ስንት እንደሆኑ ቢቈጠር አራት እጥፍ አድጓል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው፤ በዚህም ላይ አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ቅኝት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት ከመቶ 8 ነበሩ። የወፈሩት ብቻ በከተማና በገጠር ሲለዩ ግን በከተማ ከመቶ 21፣ በገጠር ከመቶ 4 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ በአምቦ ወይም በጊንጪ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ክሳትም ውፍረትም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። በአምቦ ከተማ ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የተማሪዎቹን ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲመዝን ነገሩን ከቤተሰብ ኑሮ ጋር አያይዞ መመርመሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጀልዱ ወይም ከሌላ ገጠር መጥቶ በአምቦ አንዲት ክፍል ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ እናስብ። በየሳምንቱ ከቤተሰቡ የሚመጣለት ስንቅ በሶና ቆሎ፣ ሲገኝም እንጀራ ነው። ሐሙስና ዓርብ ሲደርስ ስንቁ ያልቅና ባዶ ሆዱን ወደ ክፍል ይገባል። ለዚህ ልጅ ስለ ውፍረት መስበክ በራብተኛ ላይ እንደ ማላገጥ ነው። እርሱን የሚያስፈልገው ቁርስ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ለታናናሾቹ ያደረገው ጥቅም በዐይን የታየ ስለ ሆነ፣ በየዞኑ ከተሞች ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ለከፍ ያሉትም ክፍሎች ቢታሰብ እንወዳለን።

በሌላው ወገን ደግሞ ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ አስተሳሰብ አለ። በእኛ አገር መወፈር የደኅንነትና የጥጋብ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኘነውን ወዳጅ «ወፈርህ፤ ተመችቶሃል» ስንለው ምስጋና ነው፤ «ከሳህ» ስንለው ግን «ምን ነካህ?» ማለታችን ነው። ረኃብ በየጊዜው በሚጐበኘው አገር ይህ አነጋገር ቢለመድ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ዛሬ አንዲት የአምቦ እናት የዐሥራ አራት ዓመት ልጇ ደረጃ ሲወጣ እያለከለከ፣ ጕልበቱ እያመመው፣ እርሷ ግን ሰውነቱን እያየች ደስ ሲላት ስናይ፣ ቃሉ ከዘመኑ ጋር እንዳልሄደ እንረዳለን። የስኳር በሽታና የደም ብዛት የሽማግሌዎች ሕመም ብቻ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ውፍረቱ ከየት ይመጣል? ከወንበሩ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ በር የተደረደሩትን ሱቆች መመልከት ይበቃል፤ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ፣ ችፕስ፣ ለስላሳ መጠጥ። አንድ ሦስት መቶ ሠላሳ ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር አለበት፤ ይህን ያህል ስኳር በአንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ቢጨመር ማንም አይጠጣውም። ስሟን በመላው ኢትዮጵያ ለታወቀው ማዕድናዊ ውኃ የሰጠች ከተማ ልጅ፣ ከገዛ ምድሩ የሚፈልቀውን ስኳር የሌለበትን ውኃ ትቶ የስኳር ውኃ ሲጠጣ ማየት ያስገርመናል። በበሩ ላይ የሚሸጡትን ድኾች ሴቶች እናባርር ማለታችን ግን አይደለም፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው። ይልቁንስ የገብስ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የጀልዱ የተቀቀለ ድንች ቢሸጡ ትምህርት ቤቱ ከነፋስና ከፀሐይ የሚጠለሉበትን ቦታ በግቢው ውስጥ ቢሰጣቸው፣ ሻጮቹም ተማሪዎቹም ይጠቀማሉ።

በዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ከእኛ የሚጠበቀውን አናደርግም። አንዳንድ ሰዎች ጾምን ለተማሪ ድካም ምክንያት ሲያደርጉት ሰምተናል። ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቍላል በሚከለከልበት ጊዜ የሚበላው ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ጎመንና እንጀራ ለሰውነት የሚስማማ ምግብ ነው፤ ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት በጥራጥሬና በውኃ ብቻ ኖረው ፊታቸው አምሮ መታየቱን ያነበበ ሰው ይህን አይክድም። ዛሬ ግን በከተማ ጾም የሚፈታው በሽሮ ብቻ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሦ የቈየ ወጣት በመንገዱ ላይ ሦስት ቦምቦሊኖና አንድ ለስላሳ ሲወስድ፣ ቅቤውን ትቶት ዘይቱን ግን በእጥፍ በላ። «የጾም ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ ለጾም የሚስማማ አይደለም፤ የንስሓ አባቶች ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ ከሐኪም ምክር ይበልጥ ይሰማሉ ብለን እናምናለን።

ደግሞም ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይህኛው የትምህርት ቤቶቹ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ጾመ ነቢያት ሙሉ በሙሉ በትምህርት ወራት ይውላሉ፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። ብዙ ተማሪ በእነዚህ ቀናት ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ በቀትር ገደማ ከዋለ፣ መምህሩ ባዶ ሆዱን ያለን ልጅ በፀሐይ ያስሮጠዋል ማለት ነው። ልጁ ሲያዞረውና ሲወድቅ አንዱ ጾሙን፣ ሌላው ስፖርቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓት አደላደሉ ነው። በጾም ወራት ክፍለ ጊዜው ወደ ጧቱ መጀመሪያ ቢዛወር፣ ከሩጫም ይልቅ ቀለል ያለ ማሳሳብና የኳስ ቅብብል ቢደረግ፣ ሁለቱ አይጋጩም። የታመመ፣ ወይም ገና በዕድገት ላይ ያለና የደከመ ልጅ ምን ያህል እንደሚጾም የሚወስነው ደግሞ መምህሩ ሳይሆን የንስሓ አባቱ ከወላጆቹ ጋር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንድረስ። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በመጽሐፍና በሰዓት ሰሌዳ ላይ አለ፤ በሜዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም። የመጀመሪያው ምክንያት ፈተና ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የገባው ፍርሃት ቀላል አይደለም። ፍርሃቱንም አንንቅም፤ የድኻ ቤተሰብ ተስፋ ሁሉ በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህም ለሒሳብና ለፊዚክስ ማካካሻ ሲፈለግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰደው የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ነው። ሆኖም በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ለአካል እንቅስቃሴ የተሰጠ ጊዜ የተማሪን ውጤት ዝቅ አላደረገም፤ አንዳንድ ጊዜም ትኵረቱን ረድቶታል። ስድስት ሰዓት ያለ ማቋረጥ የተቀመጠ ልጅ ሰባተኛውን ሰዓት ምን ያህል እንደሚሰማ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታና የዕቃ ማነስ ነው። የተማሪው ቍጥር ሲበዛ ክፍል በሜዳው ላይ ይሠራል። በአንዲት ከተማ፣ ስሟን አንጠቅስም፣ ከዓመታት በፊት ልጆች ሲሮጡበት ያየነውን ሰፊ ሜዳ በቅርቡ ስንጐበኘው እኩሌታው የመማሪያ ክፍል፣ የቀረው ደግሞ ለንግድ የተከራየ ሱቅ ሆኖ አገኘነው። ክፍሉ ያስፈልጋል፤ ስለ ሱቁ ግን ለተማሪዎቹ ምን መልስ እንደ ተሰጣቸው አልሰማንም። ሜዳው ባለበት ትምህርት ቤትም አንድ ኳስ ለስድሳ ተማሪ ይሰጥና ሃያ ሁለቱ ሲጫወቱ የቀሩት በዳር ቆመው ያያሉ። ቆመው ከሚያዩት መካከል የሚበዙት እነማን ናቸው? ወፍራሙ ልጅ፣ ደካማው ልጅና ሴቶቹ ናቸው፤ ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነርሱው ናቸው።

ይህን ለማረም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በስተርሊንግ ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ኢሌን ዋይሊ፣ ተማሪዎቻቸው እንደ ሰነፉ ባዩ ጊዜ በየቀኑ 15 ደቂቃ ከክፍል ወጥተው በሜዳው ዙሪያ እንዲሮጡ ወይም እንዲራመዱ አደረጉ። ልብስ መለወጥ የለም፤ ውድድር የለም፤ ሁሉም በአቅሙ ይሄዳል። ከዚያች ትምህርት ቤት የተነሣው ልማድ ወደ ብዙ አገሮች ተዳርሷል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ጧት ጧት ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ ሩብ ሰዓት ለመራመድ ከስኮትላንድ ዝናብ ይልቅ ትመቻለች።

በኳስ ፋንታም የቃጫ ገመድ ለዝላይ፣ የካልሲ ኳስ ለቅብብል፣ ዱላ ለገና ጨዋታ ይበቃል። የገናን ጨዋታ ስንጠቅስ ልባችን ደስ ይለዋል። በልደት በዓል ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው የሚጋጠሙበት፣ በዚያ ቀንም መቆጣት ነውር የሆነበት ይህ ጨዋታ፣ በኦሮምኛ ቂሌ ተብሎ በምዕራብ ሸዋም የታወቀ ነው። የሚፈልገው የተቈለመመ በትርና አንድ ድቡልቡል ብቻ ነው፤ ሩጫውም ከእግር ኳስ አያንስም። ከበዓል በዓል ብቻ ከሚታወስ፣ መምህሩ ዱላው ከጕልበት በላይ እንዳይነሣ ሕግ አውጥቶ በየሳምንቱ ቢያጫውተው፣ ልጆቹ የአባቶቻቸውን ጨዋታ ከሰውነታቸው ጥቅም ጋር ያገኙታል። የኦርቶዶክሱም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የእስላሙም ልጅ በአንድ ሜዳ የሚሰለፍበት ጊዜ በከተሞቻችን እንዲበዛ የምንመኘው ነው።

ስለ ሴቶች ልጆች ተለይቶ መነገር አለበት። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አንዲት ልጅ ከሜዳው ትርቃለች። ወላጅ ስለ ልብሱ ይከፋዋል፤ ወንዶች ልጆች ይስቁባታል፤ በወር አበባዋ ጊዜ የምትታጠብበት ውኃና የምትለውጥበት ክፍል የለም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ የቤቱ ሥራ ይጠብቃታል። ስለ ልብሱ የሚከፋው ወላጅ ምክንያት አለው፤ መልሱም ቀላል ነው፤ ሰፊ ሱሪና ሻርፕ ለብሳ መሮጥ ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ ይህን በጽሑፍ ቢፈቅድ ክርክሩ ያበቃል። ሴቶቹ በየራሳቸው ቡድን፣ ብትገኝ በሴት መምህርት ቢመሩ ደግሞ ይበልጥ ይደፍራሉ።

በአርሲ በበቆጂ ከተማ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ያደረጉትን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው፣ በኦሎምፒክም ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቍር አፍሪካዊት ሴት የሆነችው ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ፣ ኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእርሳቸው እጅ አልፈዋል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሜዳልያውን ብቻ ይቈጥራሉ። እኛን የሚደንቀን ግን ሌላ ነው፤ አንድ የትምህርት ቤት መምህር የሰዓት ሰሌዳው ላይ ያለችውን ክፍለ ጊዜ በእውነት ማስተማሩ። ሯጭ ያልሆኑት፣ ስማቸውም ያልተጻፈው የበቆጂ ተማሪዎች ቍጥር ከሯጮቹ እጅግ ይበዛል፤ እነርሱም ሮጠዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበንን እንናገር። የውፍረት ነገር በከተማችን መወራት ሲጀምር፣ በችኰላ የሚመጣው ሐሳብ ሚዛን ገዝቶ ተማሪን መመዘንና ወፍራሙን ለይቶ ማስሮጥ ነው። ይህን የሞከረ አገር አለ። ሲንጋፖር ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ በትምህርት ቤቶቿ የወፈሩትን ልጆች ለብቻ ለይታ ተጨማሪ ልምምድ እንዲያደርጉ አዘዘች። በቍጥር ሲታይ የወፍራሞቹ ቍጥር ቀነሰ። ነገር ግን ልጆቹ በጓደኞቻቸው ፊት ምልክት ተደረገባቸው፤ ተሣቀባቸው፤ ተሳቀቁ፤ በመጨረሻም መንግሥቱ ያንን ሥራ ትቶ ሁሉንም ተማሪ በሚመለከት ሌላ ሥራ ተካው። እኛም በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት ሚዛን ላይ ቆማ ኪሎዋ በድምፅ ሲነበብ ሰምተናል። ከኋላ የተነሣውን ሣቅ፣ እርሷም ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፊቷን በደብተሯ መሸፈኗን አልረሳነውም። በሚቀጥለው የስፖርት ቀን ታምሜአለሁ ብላ ቀረች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ታመመች። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጠቅማት መስሎት ነው።

ከዚህም ሌላ ትምህርት ቤት ብቻውን የልጅን ክብደት እንደማይለውጥ በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1991 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በ96 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ታላቅ ሙከራ የልጆቹን እንቅስቃሴ አበዛ፣ የምሳቸውንም ስብ ቀነሰ፤ የሰውነታቸው ውፍረት ግን አልተለወጠም። በቦስተን አካባቢ በዐሥር ትምህርት ቤቶች ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ሙከራ ከቴሌቪዥን ፊት የሚባክነውን ሰዓት ለማሳነስ ሲያስተምር የሴቶቹ ውፍረት ቀነሰ፤ የወንዶቹ ግን ባለበት ቈየ። ከዚህ የምንማረው ነገር፣ ትምህርት ቤት ሊቈጥር የሚገባው ኪሎን ሳይሆን ደቂቃን ነው። ልጁ ዛሬ ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሰ? የሚለው ጥያቄ ከሲታውንም ወፍራሙንም እኩል ይመለከታል፤ ማንንም አያሳፍርም፤ መልሱም በመምህሩ እጅ ነው። የክብደቱ ነገር ግን ያሳሰበው ወላጅ ልጁን ለብቻው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

ደቂቃውን በአምቦ እንቍጠረው። በእግር ወደ ትምህርት ቤት መሄድና መመለስ ሠላሳ፣ የጧቱ ዙር ዐሥራ አምስት፣ በዕረፍት ጊዜ ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ዐሥራ አምስት፤ ስድሳው ሞላ። የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ በዚህ ላይ ተጨማሪ ነው። የባጃጁን ገንዘብ ያስቀረ ወላጅ በዚያ ገንዘብ ለልጁ ቁርስ እንቍላል ወይም በጾም ቀን ሙዝ ሊገዛ ይችላል። መኪና በበዛበት በዋናው መንገድ ላይ ለሚያልፉት ትንንሾች ደግሞ አንድ ታላቅ ተማሪ እየመራቸው በቡድን ቢሄዱ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በወር አንድ እሑድ መንገዱ ከመኪና ነጻ ሆኖ ሕዝቡ ስፖርት የሚሠራበት «መንገድ ለሰው» የተባለው ልማድ በየወረዳ ከተማው ቢለመድ መልካም ነው፤ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እንዲሆን ግን ከወዲሁ ብንነጋገርበት ክርክር አይኖርም።

የሰበካ ጉባኤዎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶችስ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ከቅጽሩ ውጭ ሰፊ ቦታ ያላቸው አጥቢያዎች በምዕራብ ሸዋ ጥቂት አይደሉም። ሜዳው በሕንፃ ለተወሰደበት ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን ቦታ ቢያውሱት፣ መሬቱ አይጐዳም። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚገኝ ካህን ስለ ሒሳቡ ውጤት ሲጠየቅ፣ ስለ ስፖርቱ ክፍለ ጊዜም አንድ ጊዜ ይጠይቅ፤ ርእሰ መምህሩ ከካህን አፍ ይህ ጥያቄ ይመጣል ብሎ ስለማይጠብቅ በትኵረት ይሰማዋል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ከመዝሙር ጥናት በኋላ ለወጣቶቹ ለስላሳና ብስኩት ማቅረቡን ትተው ቆሎና ውኃ ቢያደርጉት ወጪያቸው ይቀንሳል።

በአንዲት አጥቢያ ያሉ አንድ ቄስ ይህን ሐሳብ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ ዲያቆን ሳለሁ ውዳሴ ማርያም ለመማር በየሌሊቱ ከመንደራችን ወንዝ ተሻግሬ እሄድ ነበር፤ ስፖርት ነው ያለኝ የለም» አሉን። ከዚያም ቀጥለው ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በባጃጅ እንደ ሆነ፣ መንገዱም ከቤታቸው እስከ በሩ ስምንት መቶ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ነገሩን። በማግሥቱ ሰኞ በእግሩ እንደ ላኩት፣ ልጁም ዘግይቶ እንደ ተቀጣ ሰማን፤ ማክሰኞ ግን ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተነሥቷል።